የነርቭ ሴል ለምን አይፈነዳም? ስለ ይዘቱና ስለ ሽፋኑ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ነርቭ ሴል የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። መልእክት እንዴት እንደሚሮጥ፣ አንዱ ሴል ለሌላው እንዴት እንደሚያቀብል። ሴሉ ራሱ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ፣ ውሃውን የያዘው ሽፋንስ ምን ያህል ስፋት እንዳለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስትሮክ የመታው አንጎል የሚያብጠው፣ ያለልክ ውሃ የጠጣ ሯጭ ራሱን ስቶ የሚወድቀው፣ ጨው የበዛበት ወጥ ስንበላ የሚጠማን ሁሉ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚህ በታች ‹ይዘት› ስል ሴሉ ውስጡ የሚይዘውን መጠን ማለቴ ነው። ‹የገጽ ስፋት› ስል ደግሞ የሽፋኑን ስፋት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሴል አንዴ ካደገ በኋላ መጠኑ ይለዋወጣል እንዴ?

አዎ። ጠባቂ ባይኖረው ኖሮማ በደቂቃዎች ውስጥ ይለዋወጥ ነበር።

ማታ የተዘፈዘፈ ሽምብራ አስቡ። ጠዋት ስታዩት አብጧል፤ ልጡ ተወጥሯል፤ አንዳንዱም ተሰንጥቋል። የነርቭ ሴልም ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ነው የሚኖረው። ውስጡ በፕሮቲኖችና ከሴሉ መውጣት በማይችሉ ሌሎች ሞለኪውሎች የታጨቀ ነው። አብዛኞቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ፖዘቲቭ አዮኖችን (እንደ ሶዲየም ያሉ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶችን) ወደ ውስጥ ይጎትታሉ። ውሃ ደግሞ ብዙ ነገር ወደሟሟበት በኩል ይሄዳል። ኦስሞሲስ የሚባለው ይኸው ነው። የተከተፈ ጎመን ወይም ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ስትቆዩ ሳህኑ ውሃ የሚያቁረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ከአትክልቱ ሴሎች ወጥቶ ወደ ጨው ሄዷል።

በዚህ ሂሳብ የነርቭ ሴል እንደ ሽምብራው ማበጥ ነበረበት። አላበጠም። እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ታዲያ ለምን አይፈነዳም?

ስለሚጨልፍ ነው። ውሃ የሚያስገባ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ታንኳውን መድፈን ባይችል እንኳ ሳያቋርጥ እየጨለፈ ካፈሰሰ አይሰምጥም። ሴሉ ግን ውሃውን ሳይሆን ጨውን ነው የሚጨልፈው። ጨው ከወጣ ውሃ ይከተለዋል።

ጨላፊው ሽፋኑ ላይ የተሰካ ፕሮቲን ነው፤ የሶዲየም ፖታሲየም ፓምፕ ይባላል። በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል፣ የሴሉ ነዳጅ ከሆነው ከኤቲፒም አንድ ሞለኪውል ያቃጥላል። አንጎላችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ በእረፍት ጊዜ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ገደማ የሚወስደው በከንቱ አይደለም። ትልቁ ወጪ የሚሄደው አዮኖችን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ነው። ተኝተንም ሒሳቡ ይቆጥራል።

ፓምፑን ያገኘው ዴንማርካዊው ዬንስ ክርስቲያን ስኩ ነው። በ1957 ያሳተመው ሥራ የተሠራው ከሸርጣን እግር በተወሰደ ነርቭ ላይ ነበር። የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው በ1997 ነው፤ ልክ ከ40 ዓመት በኋላ። ትዕግሥት ካላችሁ እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእኛ አገር ጋር ስለሚገናኝ። ምረንዝ የሚባለውን ዛፍ የምታውቁ ትኖራላችሁ። የሳይንስ ስሙ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት መርዝ ከዚህ ዛፍና ከዘመዶቹ ይወጣል። በውስጡ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገር ኡዋቤይን ይባላል፤ ስሙም የመጣው ለቀስት መርዝ ከሚያገለግል የሶማሊኛ ቃል ነው። ኡዋቤይን የሚያደርገው እንግዲህ ይህንኑ ፓምፕ መዝጋት ነው። የተወጋው እንስሳ የሚሞተው ልቡ ስለሚታወክ ነው። በላቦራቶሪ ግን በሕይወት ያለ ቁራጭ የአንጎል አካል ላይ ሲጨመር የነርቭ ሴሎቹ ያብጣሉ። ጨላፊው እጁ ሲታሰር ታንኳው ይሞላል ማለት ነው።

ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባው?

ትንሽ ትንሹ ሽፋኑን ራሱን አልፎ ይገባል። ብዙ ሴሎች ግን ለውሃ ብቻ የተሠራ በር አላቸው፤ አኳፖሪን ይባላል። አሜሪካዊው ፒተር አግሬና ባልደረቦቹ ይህን በ1992 ያሳዩበት መንገድ ደስ ይላል። የእንቁራሪት እንቁላል ኩሬ ውስጥ የሚኖር ነገር ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አያስገባም። እነሱ የአኳፖሪንን የዘር መልእክት ወደ እንቁላሉ ከተቱ፤ በሩ ሽፋኑ ላይ ተሠራ። ከዚያ ጨው ወደሌለበት ውሃ ሲያስገቡት እንቁላሉ አብጦ አብጦ ፈነዳ። አግሬ በ2003 ኖቤል ተሸልሟል።

አንጎል ውስጥ ዋናው የውሃ በር ያለው ግን ነርቭ ሴሎቹ ላይ አይደለም። አስትሮሳይት በሚባሉት ኮከብ መሰል ደጋፊ ሴሎች ላይ ነው፤ በተለይ የደም ሥርን አቅፈው በያዙት እግሮቻቸው ላይ። በ2007 የታተመ ጥናት በአንጎል ቅርፊት ያሉ ፒራሚድ መሰል የነርቭ ሴሎች በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ ሲቀጥን መጠናቸውን ይዘው እንደሚቆዩ አሳይቷል፤ አስትሮሳይቶች ግን ያብጣሉ። ስለዚህ የነርቭ ሴል አንዱ መከላከያ በር አለመክፈት ነው ማለት ይቻላል። ኦክስጅን ሲቋረጥ ግን ይኸው ሴል በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል። ወደዚያ እንመለሳለን።

ካበጠ በኋላ ወደ ልኩ መመለስ ይችላል?

ብዙዎቹ ይችላሉ። ያበጠ ሴል ፖታሲየምና ክሎራይድ ይለቃል፤ ውሃው አብሮ ይወጣል። ከአዮን ሌላ ታውሪንን የመሳሰሉ ትንንሽ ሞለኪውሎችንም ይጥላል።

ክሎራይዱ በየት እንደሚወጣ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። ሴል ሲያብጥ የሚከፈት ቀዳዳ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ኤሌክትሪኩ ይለካል፤ ፕሮቲኑ ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። በ2014 ሁለት ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ደረሱበት፤ አንዱ በካሊፎርኒያ የአርደም ፓታፑቲያን፣ ሌላው በበርሊን የቶማስ ዬንች። የካሊፎርኒያዎቹ ፕሮቲኑን ‹ስዌል ዋን› አሉት፤ ስዌል በእንግሊዝኛ ማበጥ ነው። ፓታፑቲያን በ2021 ኖቤል ያገኘው ግን በሌላ ሥራው፣ በንክኪ ተቀባዮች ላይ ነው።

ይህ ቀዳዳ ጣጣም አለው። ከሚያሳልፋቸው ነገሮች አንዱ ግሉታሜት ነው፤ ግሉታሜት ደግሞ ሌሎች የነርቭ ሴሎችን ያነቃል። አንዱ ሴል ከእብጠቱ ሊገላገል ሲል ጎረቤቱን ይረብሻል። ክሎራይዱም ራሱ ለነርቭ ሴል ተራ ጨው አይደለም። አብዛኛው የአንጎል ማረጋጊያ ምልክት የሚሠራው ሴሉ ውስጥ ክሎራይድ አነስተኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ የነርቭ ሴል ይዘቱን ሲያስተካክል ንግግሩንም እየነካካ ነው። የጉበት ሴል እንዲህ ዓይነት ጭንቀት የለበትም።

ይዘቱ ከተስተካከለ የገጽ ስፋቱም አብሮ ይስተካከል የለም?

አይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ሽፋኑን እንደ ፊኛ ላስቲክ ነበር የማስበው። ፊኛ ሲነፋ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ሲተነፍስ ይሰበሰባል፤ ስፋቱን የሚያስተካክል ሌላ አካል አያስፈልገውም።

የሴል ሽፋን ግን ላስቲክ አይደለም። ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ድርብ የቅባት ንጣፍ ነው። እንደፈለገ ይታጠፋል፣ ይጎነበሳል፤ መለጠጥ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ስፋቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ከተለጠጠ ይቀደዳል።

ሂሳቡን እንሥራው። ድቡልቡል የሆነ ሴል ይዘቱ እጥፍ ቢሆን የገጽ ስፋቱ በ59 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ሽፋኑ የሚፈቅደው 4 በመቶ ብቻ ቢሆን ይዘቱ ሊጨምር የሚችለው 6 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ካበጠ ወይ ይፈነዳል ወይ ከሌላ ቦታ ሽፋን ያመጣል።

ያመጣል። ይዘት የውሃና የጨው ጉዳይ ነው፤ የገጽ ስፋት ግን የጨርቅ ጉዳይ ነው። ሁለት የተለያየ መዝገብ ነው ሴሉ የሚይዘው።

ትርፉ ሽፋን ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ከራሱ እጥፋት። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው ልጁ ስለሚያድግ ጠርዙ ላይ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል። የሴል ሽፋንም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ለስላሳ አይደለም፤ የተሸበሸበና ጣት ጣት የሚመስል ነገር የበዛበት ነው። ሴሉ ሲያብጥ መጀመሪያ የሚተረተረው ይህ እጥፋት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ሴሉ ውስጥ የተቀመጡ ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ግድግዳቸው ራሱ ሽፋን ነው። ከውጩ ሽፋን ጋር ሲዋሐዱ ስፋቱ ይጨምራል። በተቃራኒው ከውጩ ሽፋን ላይ ተቆንጥረው ወደ ውስጥ ሲገቡ ስፋቱ ይቀንሳል።

መቼ እንደሚጨምር፣ መቼ እንደሚቀንስ የሚነግረው ውጥረት ነው። ሽፋኑ ሲወጠር መጨመሩ ይቀልለዋል፤ ሲላላ መቀነሱ። አንድ ከረጢት ከላላ ሽፋን ላይ ቆንጥሮ ማውጣትና ከተወጠረ ሽፋን ላይ ማውጣት አንድ አይደለም። የተወጠረ ቆዳ መቆንጠጥ እንደሚያስቸግር ማለት ነው። ሴሉ ስፋቱን የሚቆጥርበት ሜትር የለውም። ውጥረቱን ነው የሚያዳምጠው።

ይህ በነርቭ ሴል ላይ ታይቷል ወይስ ግምት ነው?

ታይቷል። የተመረጠችው እንስሳ ደግሞ የኩሬ ቀንድ አውጣ ናት። የነርቭ ሴሎቿ ትልልቅ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻሉ። ካናዳ ውስጥ ካትሪን ሞሪስ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ1990ዎቹ እነዚህን ሴሎች ሳህን ላይ አሳድገው ዙሪያቸውን ያለውን ፈሳሽ አንዴ አቀጠኑት፣ አንዴ ወደ ልኩ መለሱት።

ሲቀጥን ሴሉ አበጠ። የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው ወደ ልኩ ሲመለስ የሆነው ነው። ውሃው በፍጥነት ወጣ፤ ሽፋኑ ግን ትርፍ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ሴሉ ሳህኑን በያዘበት በኩል ያለው ሽፋን ወደ ውስጥ እየገባ ክብ ክብ ጉድጓዶች ሠራ። ትርፉን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጣጠፈው ማለት ነው። እንደገና ሲያሳብጡት ጉድጓዶቹ ጠፉ፤ ጨርቁ ተዘረጋ። ዝም ብለው ከተዉት ደግሞ ሴሉ ራሱ ቀስ ብሎ ያጸዳቸዋል።

በ1998 እዚሁ ሴል ላይ ውጥረቱን ለኩ። በሌዘር ጨረር የተያዘች ጥቃቅን ዶቃ ሽፋኑ ላይ አጣብቀው ይስቧታል፤ ሽፋኑ እንደ ማር ክር ቀጥኖ ይከተላታል። ክሩን ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት ውጥረቱን ይናገራል። ሲያብጥ ጨመረ፣ ሲጨማደድ ቀነሰ። እንደተባለው።

ዓይን የማያየውን ስፋት እንዴት ይለኩታል?

በኤሌክትሪክ። የሴል ሽፋን ሁለት የሚያስተላልፉ ፈሳሾችን የሚለይ ቀጭን መከለያ ነው፤ ስለዚህ እንደ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚያጠራቅም ዕቃ፣ ይሠራል። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ሽፋን 1 ማይክሮፋራድ ገደማ ይይዛል። ካፓሲታንሱን፣ ማለትም የማጠራቀም አቅሙን፣ ከለካችሁ ስፋቱን አወቃችሁ። ኧርቪን ኔኸርና አላን ማርቲ በ1982 ይህን በጣም አጥርተውት አንድ ከረጢት ከሽፋኑ ጋር ስትዋሐድ እንደ ደረጃ ከፍ የምትል ትንሽ እርምጃ ለማየት በቁ። እኔ ከባዮሎጂ ውስጥ ካየኋቸው ንጹሕ ብልሃቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሳይቀቡ፣ ሳይቆርጡ ስፋት መለካት።

የነርቭ ሴል መልእክት ሲልክ ሽፋኑ እየሰፋ አይሄድም?

ይሄድ ነበር። በሁለት ነርቭ ሴሎች መጋጠሚያ ላይ መልእክቱ ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ 40 ናኖሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ክብ ከረጢቶች ተጭኗል። ከረጢቱ ከሽፋኑ ጋር ተዋሕዶ ጭነቱን ያፈስሳል። ጭነቱ ሄደ፤ ከረጢቱ ግን የሽፋኑ አካል ሆኖ ቀረ። የአንዱ ከረጢት ግድግዳ 5,000 ካሬ ናኖሜትር ገደማ ነው። 200ው ሲዋሐዱ አንድ ካሬ ማይክሮሜትር ሽፋን ተጨመረ ማለት ነው። በየሰከንዱ ለሚተኩስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት ለሚልክ፣ ሴል ይህ ቀልድ አይደለም። የአክሰኑ (መልእክቱን የሚያደርሰው ረጅም ክር መሰል የሴሉ ክፍል) ጫፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አለቅጥ በሰፋ፣ ከረጢቱም ባለቀ ነበር።

ጆን ሂውዘርና ቶማስ ሪስ በ1973 የእንቁራሪትን የነርቭና የጡንቻ መጋጠሚያ ደጋግመው በኤሌክትሪክ ቀስቅሰው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ከረጢቶቹ ቀንሰዋል፤ በዚያው ልክ የውጩ ሽፋን ሰፍቷል። እረፍት ሲሰጡት ሽፋኑ ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ ከረጢቶቹም እንደገና ተሞሉ። ሽፋኑ አይጣልም። ጠርሙስ መልሶ እንደሚሞላ የለስላሳ ፋብሪካ ነው።

ምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ብዙ አከራክሯል። የድሮው መልስ ከአሥር ሰከንዶች እስከ ደቂቃ ነበር። በ2013 ሺጌኪ ዋታናቤና ኤሪክ ዮርገንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሴሉን በብርሃን ቀስቅሰው በቅጽበት በማቀዝቀዝ ሽፋኑ ከ100 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲመለስ ያዙት። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይጠብቅም። ቀርፋፋው መንገድም አለ፤ የትኛው መቼ እንደሚበዛ ክርክሩ አላበቃም። ለእኔ የፈጣኑ መንገድ ትርጉም ግልጽ ነው፦ የተጨመረው ሽፋን በተጨመረበት ልክ ወዲያው ካልተመለሰ ውጥረቱ ይዛባል።

ነርቭ ሲተኩስ ሴሉ ያብጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን በጥቂት ናኖሜትሮች ብቻ። በ1980 በሸርጣን ነርቭ ላይ ተለክቷል። የፀጉር ውፍረት አሥር ሺዎች ናኖሜትር መሆኑን አስታውሱ።

ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚደርስ ሴል ሽፋኑን እንዴት ይችለዋል?

ቁጥሩን ስታዩት ያስደነግጣል። አንድ ሜትር ርዝመትና 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው አክሰን አስቡ። የሴሉ ዋና አካል ደግሞ 50 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሁን። የአክሰኑ ገጽ ከዋናው አካል ገጽ 4,000 ጊዜ ይበልጣል። ይዘቱም ከ1,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሴሉ ማለት አክሰኑ ነው ብንል ይቀላል፤ ዋናው አካል ጓዳው ነው።

ሽፋኑ በብዛት የሚሠራው በጓዳው ነው። በከረጢት ተጭኖ በአክሰኑ ውስጥ በተዘረጋ ሀዲድ ላይ ይጓዛል። በፅንስነት ጊዜ አብዛኛው የሚጨመረው በሚያድገው ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ዒላማውን ካገኘ በኋላ ግን ልጁ ራሱ ማደግ ይቀጥላል። አጥንቱ ሲረዝም አክሰኑ ከሁለት ጫፍ ተይዞ ይሳባል፤ መሐል መሐሉ ላይ አዲስ ሽፋን እየተጨመረ ይረዝማል።

ጎንበስ ቀና ስንልስ? ነርቭ ውስጥ ያሉ አክሰኖች ቀጥ ብለው አልተወጠሩም፤ ትንሽ ተጠማዘው ነው የተቀመጡት። ነርቩ ሲሳብ ጥምዙ ይፈታል። ይህ ጥምዝ ነርቭ ላይ የሚሠራው ዝንጉርጉር መስመር ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ከሽፋኑ ሥር ደግሞ አክቲንና ስፔክትሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች በ190 ናኖሜትር ልዩነት እንደ በርሜል ቀለበት ተደርድረው ይደግፉታል። ይህ የታየው በ2013 ነው። ነርቭን ከመቶ ዓመት በላይ በማይክሮስኮፕ ስናይ ኖረን ቀለበቶቹን ማየት የቻልነው ገና ትናንት ነው።

ስትሮክ ላይ ምን ይበላሻል?

የደም ሥር ሲዘጋ ኦክስጅንና ስኳር ይቋረጣል። ኤቲፒ ያልቃል። ጨላፊው ይቆማል። ሶዲየም ይገባል፣ ክሎራይድ ይከተላል፣ ውሃ ይከተላል። በ2015 ቫንኩቨር ያሉ ተመራማሪዎች ክሎራይዱ የሚገባበትን አንድ መንገድ ለይተው እሱን ሲዘጉ የነርቭ ሴሎቹ እብጠት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የሶዲየም መግባት ብቻውን ያን ያህል አያሳብጥም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ዴንድራይት የሚባሉት ቅርንጫፎች በክር እንደተሰካ ጨሌ እዚህም እዚያም ያብጣሉ። በሴሎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ በጤና ጊዜ ከአንጎል ይዘት 20 በመቶ ያህል ነው፤ አሁን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ውሃው ከውጭ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ ገና ጠቅላላው አልጨመረም። ቀጥሎ ግን ከደም ሥር ተጨማሪ ፈሳሽ ይመጣል። የራስ ቅል ደግሞ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ነው፤ አይሰፋም። ግፊቱ ሲጨምር ጤነኛው ክፍል ራሱ ደም ያጣል። ሐኪሞች ማኒቶል የሚባል መድኃኒት ወይም ወፈር ያለ የጨው ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጡት ውሃውን ከአንጎል ወደ ደም ለመሳብ ነው። ጎመኑና ጨው እንደገና። ሲብስም የቅሉን አንድ ክፍል ለጊዜው ያነሡታል።

ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ካያችሁ ‹ትንሽ ይረፍ› አትበሉ። ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ብዙ ውሃ መጠጣት አንጎል ያሳብጣል?

በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ ከሆነ አዎ። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በጤና ጊዜ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ኩላሊት ሊያስወጣ ከሚችለው በላይ ተራ ውሃ ከገባ ሶዲየሙ ይቀጥናል፤ ውሃ ወደ አንጎል ሴሎች ይሄዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መወዛገብ ይመጣል፤ ሲከፋ መንቀጥቀጥና ሞት።

በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብለው የሚጨርሱት የእኛ አትሌቶች ለዚህ ብዙም አይጋለጡም። የሚያሰጋው ከአራት ሰዓት በላይ ቀስ ብሎ እየሮጠ በየጣቢያው የሚጠጣውን ነው። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ውድድሩ የውሃ አይደለም።

ለእኛ ቤት የሚቀርበው ግን የልጅ ተቅማጥ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ውሃም ጨውም ይወጣዋል። ተራ ውሃ ብቻ ሲሰጠው ውሃው ይተካል፤ ጨው አይተካም። ሕይወት አድን የሚባለው ኦ.አር.ኤስ ለዚህ ነው የተመጠነው፦ በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ አለው። ስኳሩ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ አንጀት ሶዲየሙን ይዞ እንዲገባ ያደርገዋል። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው የውሃ መጠን አታብዙም፣ አታሳንሱም።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። ሶዲየም ቀስ ብሎ፣ በቀናት ውስጥ ከወረደ አንጎል ይለማመደዋል። ሴሎቹ መጀመሪያ ፖታሲየምና ክሎራይድ፣ ቀጥሎ ታውሪንና ሌሎች ሞለኪውሎችን ጥለው ወደ ልካቸው ይመለሳሉ። አሁን ሐኪም ቸኩሎ ሶዲየሙን በአንድ ጊዜ ወደ ልኩ ቢመልሰው ሴሎቹ የጣሉትን ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኙም። ይጨማደዳሉ። በተለይ በአንጎል ግንድ አካባቢ የአክሰን መሸፈኛው ይጎዳል፤ ይህ ጉዳት በ1959 ነው በጽሑፍ የተገለጸው። ለዚህ ነው ሐኪሞች በ24 ሰዓት በሊትር ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል በላይ ላለማሳደግ የሚጠነቀቁት። ሆስፒታል ውስጥ ‹ለምን ቶሎ አያስተካክሉለትም?› ብሎ የሚቆጣ ዘመድ ብዙ አለ። መዘግየቱ ራሱ ሕክምናው ነው።

ጨው የበዛበት ምግብ ስበላ የነርቭ ሴሎቼ ይጨማደዳሉ?

አብዛኞቹ አይጨማደዱም። ጥቂቶቹ ግን አዎ፤ ሆን ብለው።

ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለምወደው ነው። እስካሁን ያልነው ሁሉ የነርቭ ሴል መጠኑን ለመጠበቅ ስንት እንደሚደክም ነው። ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍልና አጠገቡ ግን መጠናቸውን የማይጠብቁ ሴሎች አሉ። ደም ጨው ሲበዛበት ውሃቸው ይወጣል፣ ይጨማደዳሉ፤ እንደተጨማደዱም ይቆያሉ። ሲቀጥን ያብጣሉ፤ እንዳበጡም ይቆያሉ። ይዘታቸው መለኪያ ሆኖ ያገለግላል።

እንዲህ ዓይነት መለኪያ መኖሩን እንግሊዛዊው ኧርነስት ቨርኒ በ1947 በውሾች ላይ ባደረገው ሥራ ተናግሮ ነበር። ወደ አንጎል በሚሄደው ደም ውስጥ ጨው ሲጨምር ውሾቹ ሽንታቸው ይቀንሳል። ሴሉ እንዴት እንደሚለካ ግን በኋላ የመጣ ነው፤ ሞንትሪያል ውስጥ የቻርለስ ቡርክ ቡድን ብዙ ሠርቶበታል። ሴሉ ሲጨማደድ ሽፋኑ ላይ ያለ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ፖዘቲቭ አዮን ይገባል፣ ሴሉ ይተኩሳል። የደሙ የጨው ልክ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀየር ይበቃዋል። ከእነዚህ ሴሎች አንዳንዶቹ ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ለቀው ኩላሊትን ‹ውሃውን ያዝ› ይሉታል። ሌሎቹ መልእክቱን ወደ ላይ ይልኩታል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ጥማት ነው።

ጨው የበዛበት ንፍሮ ቆርጥማችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ወደ ውሃው ማሰሮ ስትነሡ፣ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ጥቂት ሴሎች ተጨማደዋል።